የኛ የተባለው ኮምፒውተር

ባለፈው ማክሰኞ ከዓለም ገና ወደ ተፍኪ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ሲከራከሩ ሰማሁ። አንደኛው አዲሱን ፕሌይስቴሽን ከዱባይ የሚያመጣለት ሰው አግኝቷል፤ ሰውየው ግን «ዕቃው ከገበያ ጠፍቷል፣ ትንሽ ታገሥ» እያለ ወራት አስጠብቆታል። ጓደኛው ይስቅበታል።

«እስካሁን እኮ የራስህን ፒሲ ገጣጥመህ ትጨርስ ነበር። ዛሬ ካርዱን፣ ነገ ራሙን እያልክ…»

«እኔ ሰክቼ መጫወት ነው የምፈልገው። መካኒክ መሆን አማረኝ አልኩህ?»

«ሰነፍ ስለሆንክ ነው።»

«ሰነፍ መሆኔን ዛሬ ነው እንዴ ያወቅከው?»

አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ተሳፋሪ ሲጠራ የነበረው ረዳት ድንገት ወደ ውስጥ ዞረና «ወንድሞቼ፣ ፕሌይስቴሽኑም ፒሲውም ይደርሳል፤ መጀመሪያ የታክሲውን ሂሳብ!» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ቶሎ ደረቀ። ዞር ብዬ አንድ ነገር ልላቸው ፈልጌ ነበር። ከማላውቀው ሰው ጋር ማውራት ግን ዛሬም ይከብደኛል። ክርክራቸውን ስሰማ መውረጃዬ አልፎኝ ኖሮ ተፍኪ መግቢያ ወርጄ ወደ ኋላ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱ ዳር ልጆች የሽምብራ እሸት በእስር በእስር ከፍ አድርገው ለሚያልፈው መኪና ያሳያሉ። ያ ነገር የሆነውም እሸት በደረሰበት ወቅት ነበር፤ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያው የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ያስነሳው ግርግር ሰበታንም ቡራዩንም ሱሉልታንም ባዳረሰበት ዓመት።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤተሰባችን ከከምባታ መጥቶ ሰበታ ዳር፣ ኦቦ በዳዳ በሚባሉ ገበሬ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ትምህርቱን አቆምኩ፤ ኋላም ክር ፋብሪካ ገባሁ። ፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ ስለሚጮህ ሰው ከሰው አያወራም፣ በምልክት ነው የምንግባባው። እንደኔ ላለችው ዓይን አፋር ይህ ደግ ነገር ነበር። ደግ ያልሆነው ብናኙ ነው። የጥጥ ብናኝ ፀጉር ላይ፣ ቅንድብ ላይ፣ ጉሮሮ ውስጥ ያርፋል። አጠገቤ የምትሠራ፣ ከእኔ ብዙ ዓመት ቀድማ የገባች ሴት ነበረች። ሳል ሲጀምራት ማሽኑን ይዛ ጎንበስ ትላለች። እሷን ባየሁ ቁጥር የራሴን ነገ ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቦታ መውጣት እፈልግ ነበር፤ በምን እንደምወጣ ግን አላውቅም።

የኦቦ በዳዳ የመጨረሻ ልጅ ቶሌራ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ የዩኒቨርሲቲ ውጤት ስላልመጣለት ቤት ተቀምጧል። ከሥራ ስመለስ ግቢው በር ላይ ቆሞ ፀጉሬ ላይ ያረፈውን ብናኝ ያይና «አሮጊቷ መጣች! ተነሱ፣ ወንበር ልቀቁላት!» ይላል።

«አንተን ሳሳድግ ነው የሸበትኩት» እለዋለሁ።

ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ኋላ መስመር ቆሜ ከንፈሬን ብቻ የማንቀሳቅስ ልጅ ነበርኩ። ከእናትና ከአባቴ ሌላ እንዲህ መልስ የምመልሰው ለቶሌራ ብቻ ነው። እሱ ጋ ስሆን አንደበቴ ይፈታል። ይህን የምናገረው ነገሩ ፍቅር እንደነበር ለማስመሰል አይደለም። ፍቅር አልነበረም። አንድ ሰው ብቻ በሙሉ ድምፅ የሚያናግሩ ሰዎች ያ ሰው ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ያውቃሉ።

ጌም ቤት የመክፈቱ ሐሳብ የእሱ ነበር። የግቢያቸው የፊት ክፍል በሩ ወደ አስፋልቱ ነው። ድሮ እህል ይቀመጥበት ነበር፤ ያኔ ባዶውን ቆሟል። ሰበታ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ቤት ባለበት ሁሉ ልጆች ከበሩ እስከ መንገዱ ተሰልፈው ይውሉ ነበር።

«ፕሌይስቴሽን ነው የሚያዋጣው» አለኝ ቶሌራ። «ልጆቹ የሚያውቁት እሱን ነው። ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ቲቪ፣ አለቀ።»

«ከየት ታመጣለህ?»

«ዱባይ የሚመላለስ ሰው አለ።»

«ያ ሰውዬ ከመስከረም ጀምሮ ሊመላለስ ነው» አልኩት።

እውነትም ዕቃው አይገኝም ነበር። ሱቆቹን ስንጠይቅ «ሰሞኑን ይገባል» ይላሉ፤ ሰሞኑ አያልቅም። የሚገኘውም ብዙ ጌም ቤት የሠራ፣ ዲስክ ማንበብ ያቃተው አሮጌ ነው።

ኮምፒውተር እንገጣጥም ያልኩት እኔ ነኝ። ከፋብሪካው ስወጣ የማልፍበት አንድ የጥገና ቤት ነበር። በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ሆዳቸው የተከፈተ ኮምፒውተሮች ይታዩኛል። ቆሜ አላይም፣ ቀስ ብዬ ነው የማልፈው። ጠጋኙ ከአንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ ሲሰካ አያለሁ። አንድ ቀን ደግሞ አንድ ልጅ የተበላሸ ፕሌይስቴሽን ይዞ ሲመጣ ጠጋኙ «ይሄ ከተበላሸ ተበላሸ ነው፣ ውሰደው» ብሎ ሲመልሰው ሰማሁ።

«ኮምፒውተር ቢበላሽ አንድ ነገሩን ብቻ ነው የምንቀይረው» አልኩት ቶሌራን። «ጆይስቲክም ይሰካበታል።»

ብዙ ቀን ተከራከርን። እሱ «ሰክተሽ መጫወት» ይላል፣ እኔ «ጠግነህ መኖር» እላለሁ። በመጨረሻ እጁን ወደ ላይ አነሳ።

«እሺ በቃ፣ አሸነፍሽኝ። የኛን ማሽን እንሠራለን። አንቺ በሩ ላይ ትቀመጫለሽ፣ ተራ ታስይዣለሽ፣ ፋብሪካውን ደህና ሰንብት ትይዋለሽ።»

«እኔ? ከሰው ጋር ማውራት የማልችለው?»

«ምን ማውራት ያስፈልጋል? የተሸነፈ ይከፍላል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። በጣትሽ ማሳየት ነው!»

በጣት ማሳየቱን ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ለምጄዋለሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። «የኛ» ብሎኛል። እኛ ቤት ውስጥ የኛ የሚባል ብዙ ነገር አልነበረም፤ ክፍሏ የኦቦ በዳዳ ናት፣ አባቴ የሚገነባው ቤት የሌላ ሰው ነው፣ እኔ የምቀጥለው ክር የፋብሪካው ነው።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ቁራጭ በቁራጭ መጣ። ሳጥኑን ቶሌራ አጎቱ ከሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ከተጣለ ዕቃ ውስጥ አገኘው። ማዘርቦርዱንና ስክሪኑን ሱሉልታ ከተዘጋ አንድ ኢንተርኔት ካፌ አብረን ሄደን አመጣን። ሱሉልታን ያየሁት ያኔ ነው። እንጦጦን ሲሻገሩ የባሕር ዛፉ ሽታና ብርዱ አብረው ፊት ላይ ይመጣሉ፣ ከዚያ ሜዳው በአንዴ ይዘረጋል። መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ቤት ገብተን ትኩስ ወተት በዳቦ በላን። ወተቱ ስብ አንሳፍፎ ነበር። ቶሌራ ከንፈሩ ላይ ነጭ ጢም አብቅሎ «የኛ ቤት ውስጥም ወተት እንሸጣለን፣ የተሸነፈ ወተት ይጠጣል፣ ይጽናና» አለ። ስክሪኑን በየተራ ታቅፈን ተመለስን። ራሙን እኔ ከትርፍ ሰዓት ክፍያዬ ገዛሁ። ለጌም የሚያስፈልገውን ግራፊክስ ካርድ ቡራዩ የሚኖር ኤፍሬም የሚባል የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ሸጠልን።

ስንገጣጥመው ከሳጥኑ ፊት የሚመጡት ቀጫጭን ገመዶች አስቸገሩን። እንደ መርፌ ጫፍ የቀጠኑ ሹካዎች ላይ መሰካት አለባቸው፤ የቶሌራ ጣት ደግሞ ወፍራም ነው። እኔ የተበጠሰ ክር ስቀጥል የምውል ስለነበርኩ ጣቴ ቶሎ ገባለት። ቶሌራ ከኢንተርኔት ያወረደውን ሥዕል ይዞ «ቀዩ እዚህ፣ ነጩ እዚያ» ይለኛል። ሲበራ ፋኑ ዞረ፣ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። ቶሌራ ዘሎ ኮርኒሱን መታው።

«በራ! የኛ ማሽን በራ!»

ኦቦ በዳዳ በሩ ላይ መጥተው ቆመው አዩት። «ይሄ ነው? ድምፁ እንደ ወፍጮ ነው እኮ» አሉ።

«ወፍጮ አይደለም ኦቦ፣ ጨዋታ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው አይፈጭ፣ ይጫወት» ብለው የሽምብራ እሸት ከእቅፋቸው አውጥተው ሰጡን።

የመጀመሪያውን ግጥሚያ እኔና ቶሌራ ተጫወትን። እኔ ኳሱን የት እንደምወስደው ሳላውቅ በራሴ ጎል ላይ አገባሁ። «በራሷ ላይ አገባች!» እያለ መሬት ላይ ተንከባለለ። የሽምብራው ልጣጭ ኪቦርዱን ሞላው።

ኦቦ በዳዳ በዚያ ሰሞን ከሚመጣው ከሚሄደው ጋር የሚያወሩት አንድ ወሬ ብቻ ነበር። ሰዎች መጥተው እርሻቸው ላይ ችካል ተክለው ሄደዋል። «ይወስዱታል፣ አይወስዱትም፣ እሱን ዋቃ ነው የሚያውቀው» ይሉ ነበር። «እኔን ያቃጠለኝ፣ ሳይጠይቁኝ! እዚያው ቆሜ ሽምብራዬን እየነቀልኩ እንደ ዛፍ በጎኔ አለፉ።» ቶሌራ ይህን በሰማ ቁጥር ዓይኑ ይቀላል። እኔም ከልቤ አዝንላቸው ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ አንድ ቀን መንገዱ ይዘጋል፣ አንድ ቀን ይከፈታል። ፋብሪካውም አንዳንድ ቀን ከበር ይመልሰናል። ጌም ቤቱን «ትንሽ ይረጋ» እያልን ሳንከፍት ቆየን።

በዚህ መሐል ቶሌራ ኮምፒውተሩ በራሱ እየጠፋ ነው ማለት ጀመረ። እኔ እያየሁት ጠፍቶ አያውቅም። ግን ቶሌራ ካለ ነው።

«ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ መብራቱን የሚያስገባው» አለኝ። «ኤፍሬም ሌላ አለው። ማሽኑን ቡራዩ መውሰድ ነው።»

«ታዲያ አብረን እንሂድ።»

«እኔ እንዴት እሄዳለሁ? ወንድ ከታክሲ እያወረዱ ይፈትሻሉ። ሽቦ የሞላው ሳጥን ይዤ ቢያገኙኝ ማን ያምነኛል? አንቺን ግን ማን ያይሻል?»

ይህንን ያኔ እንደ ምስጋና ነው የሰማሁት። እውነቱን ነው፤ እኔን ማንም አያይም። ገበያ ውስጥ ሰዎች በእኔ ላይ ተሻግረው ነው ዋጋ የሚጠይቁት።

ሳጥኑን በእጅ ይዞ መሄድ አይቻልም፣ ዓይን ይስባል። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ያዘለችበት አንቀልባ ነበር። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ማዕዘኑን በልብስ ሞልተን፣ በአንቀልባው ጀርባዬ ላይ አዘልኩት። ከላይ ነጠላ ጣል አደረግሁ። ቶሌራ ዞሮ አየኝና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

«እማማ ታደለች!» አለኝ በስሜ ላይ እማማ ጨምሮ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ ጨመረ፣ «ኤፍሬም ካርቶን ይሰጥሻል። አዲሱ ፓወር ነው። እንዳትከፍቺው፣ አቧራ ይገባበታል። ማሽኑን ምን እንደሚያጠፋው እስኪያየው እሱ ያቆየዋል።»

ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ወፍራም ሴት የሽንኩርት ዘንቢል ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ጀርባዬ ከወንበሩ ጋር ስለማይገጥም ጎንበስ ብያለሁ።

«ምነው ልጄ፣ አውርደሽ እቀፊው እንጂ፣ ታፈነ እኮ!»

ምን ልበል? «ተኝቷል» አልኩ በቀስታ።

«ስንት ወሩ ነው?»

«ገና ነው።»

እጃቸውን ሰደድ አድርገው በነጠላው ላይ ዳሰሱት። «ኧረ በስመ አብ፣ እንዴት ያለ አጥንተ ጠንካራ ልጅ ነው!» አሉ። ከፊት ያሉት ሰዎች ዞሩ። ከእፍረት የተነሳ ጆሮዬ ጋለ። ዓለም ገና ስንደርስ ፖሊሶች መኪናውን አስቆሙ። ወንዶቹን አወረዱ። አንዱ ፖሊስ በመስኮት ተመለከተኝ።

«አንቺ፣ ጀርባሽ ላይ ምንድን ነው?»

ሴትዮዋ ቀድመውኝ ተነሱ። «ምን ይሆናል ብለህ ነው? ልጅ ነዋ! አንተን እናትህ አላዘለችህም? አራስ ልጅ በዚህ ፀሐይ ልታወርድ ነው?»

«እሺ እናቴ፣ እሺ፣ ይቀመጡ።»

አየር ጤና ስንወርድ ሴትዮዋ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ልጅ አለመሆኑን ከዳሰስኩት ጊዜ ጀምሮ አውቄያለሁ። ምንም ይሁን ምን፣ ብቻ እንዲህ ካዘልሽው ለአንቺ ውድ ነገር ነው። በሰላም አድርሺው።»

እዚያው ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እንዳሉትም ውድ ነገር ነበር።

ቡራዩ ኤፍሬም ቤት ስደርስ ወገቤ ተቆርጧል። ኤፍሬም ጥድፊያ ላይ ነበር፤ የጥር ሠርግ ደርሶበት የራሱ ኮምፒውተር በመብራት መምጣትና መሄድ ተቃጥሎበታል። የኛን ማሽን ሰክቶ አበራው፤ ሳይጠፋ ቆየ። ሳጥኑን ከፍቶ ገመዶቹን አየና «ማን ነው እንዲህ አጥርቶ ያሰረው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርቶን ሰጠኝ።

«መቼ ልምጣ?» አልኩት።

«ለምን?»

«ለመውሰድ።»

የቀለድኩ መስሎት ፈገግ አለ። ቀልድ አለመሆኑን ፊቴ ላይ ሲያይ ግን ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። «ቶሌራን አናግሪው» አለኝና ወደ ስክሪኑ ዞረ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። አንድ ሰው ብቻ ያለው ሰው እሱን መጠርጠር አይችልም፤ ከጠረጠረው ማንም አይቀረውም።

ስወጣ መንገዱ ተዘግቷል። አስፋልቱ ላይ ድንጋይና የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ተደርድሯል፣ ታክሲ የለም። ሰው በእግሩ ይሄዳል። ካርቶኑን ደረቴ ላይ አቅፌ ከሰዎቹ ጋር ሄድኩ። ድንጋዩ አጠገብ የቆሙ ወጣቶች አስቆሙኝ። ከታናሽ ወንድሜ ብዙም የማይበልጡ ነበሩ፤ አንዱ እሸት እየፈለፈለ ይበላል።

«ኩን ማሊ?» አለኝ በካርቶኑ ላይ እያመለከተ። ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው።

ኦሮምኛ ግቢያችን ውስጥ ስሰማ ያደግሁት ያህል ብቻ ነው የማውቀው፤ ስደነግጥ ደግሞ አማርኛውም ይጠፋኛል። ከአፌ የወጣው አንድ ቃል ነው።

«ኬኛ» አልኩ። የኛ።

ልጁ መፈልፈሉን አቆመ። ቃሉን በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው ሲጮኸው ይውል ነበር፤ መሬቱን፣ ከተማውን፣ ሁሉን። እኔ ካርቶን አቅፌ ስለው ግን ሁሉም ሳቁ።

«ኬኛ ካልሽማ ዴሚ፣ ሂጂ!» አለኝ። አንዱ እንዲያውም እጄን ይዞ ድንጋዩን አሻገረኝ። እኔ በዚያ ቃል ኮራሁ። እስከ አስኮ ድረስ በሆዴ እየደጋገምኩት ሄድኩ።

ከጦር ኃይሎች በኋላ መኪና አገኘሁ፤ ሰበታ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የጫማዬ ሶል ተገንጥሎ ነበር። ከሩቅ የፊት ክፍሉ በር ተከፍቶ አየሁ። ልጆች ሞልተውበታል። የኦቦ በዳዳ ቲቪ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። «መጣ! መጣ!» ብለው ጮኹ። መጣች አላሉም፤ መጣ። ካርቶኑን ከእቅፌ ወሰዱት። ቶሌራ ላስቲኩን በቢላ ቀደደ። ከውስጡ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠፍጣፋ ዕቃ ወጣ፤ ሁለት ጆይስቲክም ነበሩት።

ፕሌይስቴሽን ነበር። ልጆቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። እኔ ብቻ አላውቅም።

«ማሽናችንስ?» አልኩት። ሰው ፊት ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«ተቀያየርን እኮ። ኤፍሬም ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ እኛ ፕሌይስቴሽን እንፈልጋለን። የዱባዩ ሰውዬ እስኪመጣ እናረጃለን። አሪፍ ዲል ነው፣ ታዲ።»

«እኛ ማለት ማን ነው?»

«እኛ ነና።»

«እኛ ማን?»

ልጆቹ ከጆይስቲኩ ዞረው አዩን። ቶሌራ እነሱን አይቶ ሳቅ ለማለት ሞከረ። «እኛ እንዲሁ የሚባል ነገር ነው እኮ። ሠፈር ውስጥ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያወራው። እኛ አንበላም፣ እኛ አንሄድም ይላል ሰው፤ እኔ ለማለት ነው።»

እውነቱን ነበር። የሠፈር ልጆች እንዲህ ነው የሚያወሩት፤ አንዱ ብቻውን ቆሞ «እኛን አትንካን» ይላል። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት። ግን ቶሌራ «የኛ» ሲለኝ ከዚያ ጋር አላገናኘሁትም። በሱሉልታ ወተት ላይ የተባለው፣ ፋኑ ሲዞር የተባለው ሁሉ እሱ ብቻውን የነበረበት «እኛ» ነበር። እኔ በሩን ከፍቼ የገባሁት ሳልጠራ ነው።

«በሩ ላይስ ማን ይቀመጣል?» አልኩ።

«የአጎቴ ልጅ። አንቺ እኮ ፋብሪካ አለሽ። ደግሞ ከሰው ጋር አታወሪም፣ ታዲ፤ ጌም ቤት ጩኸት ነው። ለአንቺ ብዬ ነው።»

የራሴን ዓይን አፋርነት መልሶ ሰጠኝ። እሱ ብቻ እንደ ጉድለት ያላየብኝ መስሎኝ ነበር።

ኦቦ በዳዳ ከልጆቹ ኋላ ቆመው ኖሯል። ቶሌራን አላዩትም፣ እኔን ነው ያዩት።

«ሳይጠይቁሽ ነው ልጄ?»

«አዎ፣ ኦቦ።»

«አባ፣ እርስዎ አይግቡበት፣ የጌም ነገር ነው» አላቸው ቶሌራ።

ኦቦ በዳዳ ዱላቸውን አንስተው ወደ እርሻው በኩል ወጡ። ወደ ክፍላችን ስገባ ከኋላዬ የመጀመሪያው ጎል ተቆጠረ፤ ጩኸቱ ግድግዳውን አልፎ መጣ። እናቴ ቆጮ በጎመን አቅርባ ነበር። ጀርባሽ ላይ ያለው አንቀልባ ምንድን ነው አለችኝ። ኤፍሬም ቤት ባዶውን መልሼ ካሰርኩት በኋላ ሳልፈታው ነበር የዋልኩት።

ስለ ዕቃው ቶሌራ አልተሳሳተም። ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልጆቹ ጆይስቲኩን ያውቁታል፣ ኪቦርድ አይተው ይሸሹ ነበር፤ ጌም ቤቱም ከተከፈተ ጀምሮ ሰው አጥቶ አያውቅም። ሌላ ሰው ይህን ታሪክ ቢሰማ የትኛው እንደሚያዋጣ ብቻ ያነሳ ይሆናል። ጠይቆኝ ቢሆን እኔም እሺ እል ነበር፤ እምብዛም የማልከራከር ሰው ነኝ። የጎዳኝ ማሽኑን በገዛ ጀርባዬ እንደ ልጅ አዝዬ እንዳስረክብ መደረጌ ነው። ለማኝ የራሱ ያልሆነ ልጅ አዝሎ መንገድ ዳር ይቀመጣል ይባላል፤ እኔ የራሴን አዝዬ ለሌላ ሰጠሁ። ቤተሰባችን ከዚያ ግቢ ወጥቶ ሌላ ቤት እስኪከራይ ድረስ ቶሌራን ሰላም እለው ነበር። ብናኝ ተሸክሜ ስገባ አሮጊት ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም ከዚያ በኋላ። እኔም አልጠበቅሁትም።

ከፋብሪካው የወጣሁት ዘግይቼ፣ በሌላ መንገድ ነው። ዛሬ ከባለቤቴ ጋር ተፍኪ አቅራቢያ እንኖራለን። እሱ እንጨት ይሠራል፣ እኔ የሠራውን እቀባለሁ፣ ቀለም እመርጣለሁ። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፣ ወሬ ግን ይወዳል፤ እንደማንኛውም የሠፈር ልጅ «እኛ» ማለት ያበዛል። ማክሰኞ ዕለት እሸት ገዝቼ ስገባ በር ሲልግ አገኘሁት። ቀና ሳይል፣ «እኛ እኮ ከክረምቱ በፊት አንድ ክፍል መጨመር አለብን» አለኝ።

«እነማን?» አልኩት።

ይህን ከተጋባን ጀምሮ እጠይቀዋለሁ። ድሮ ይስቅ ነበር፣ አንዳንዴ ይሰለቸዋል፤ ምክንያቱን ግን ነግሬው አላውቅም። መላጊያውን አስቀመጠ። የእንጨቱን ፍቅፋቂ ከክንዱ አራገፈ።

«እኔና ታደለች» አለኝ።

እሸቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ስሜን ጠርቶልኝም ማመኑ ትንሽ ጊዜ ይወስድብኛል።